አደባባይ ውስጥ ሽማግሌ የለም

ጋሽ ሸዋንግዛው ልደታ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት መኪና መንዳት አስተምረዋል። ተማሪ ማርሽ ቢያስጮህ ይታገሣሉ፣ መኪናውን አሥር ጊዜ ቢያጠፋባቸውም ዝም ይላሉ። ደማቸውን የሚያፈላው አደባባይ ላይ የሚመጣ ይሉኝታ ነው። ለዚህም ጠዋት ማታ የሚደግሙት ነገር አላቸው፦ «አደባባይ ውስጥ ሽማግሌ የለም! ውስጥ ያለ ያልፋል፣ ሊገባ የመጣ ይጠብቃል።»

ተማሪያቸውን የፍርድ ቤት ጸሐፊዋን መሰለችን ግን ያሳደጋት ጨዋ ቤት ነው። አርባ ዓመት አልፏት እንኳ ሽማግሌ ቀድማ በር ገብታ አታውቅም። በመጀመሪያው ፈተና አደባባዩ መሀል ቀጥ ብላ ቆማ አንድ ቄስ የጫነ መኪና አሳለፈች። በሁለተኛው ደግሞ ጋቢ የለበሱ ሾፌር አይታ «ይለፉ፣ አባባ» እያለች በእጇ ስትለምን፣ ከኋላዋ የነበረው ሚኒባስ መጥቶ ፓራውልቷን ሳመው። ሁለቴም ወደቀች።

«ጋሼ፣ ለራሴ እኮ አይደለም» አለቻቸው። «እማዬ ጉልበቷን ታማ ሚኒባስ መሳፈር አቅቷታል። ሕክምናዋን ልታቋርጥ ነው።»

ጋሽ ሸዋንግዛው ሻይ ቤት ቁጭ ብለው፣ ትሪውን አደባባይ፣ የለስላሳ ቆርኪውን መኪና አድርገው እያሽከረከሩ ሳምንቱን ሙሉ አስጠኗት።

በሦስተኛው ፈተና ቀን፣ ጋሽ ሸዋንግዛው ነጅማ የምትባል አዲስ ተማሪ እያስነዱ አደባባዩ መግቢያ ላይ ተራ ይጠብቃሉ። መሰለች ፈታኙን አጠገቧ አስቀምጣ እየዞረች መጣች። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

«በልደታ ማርያም፣ እንዳትቆሚ» አሉ በሆዳቸው።

አልቆመችም። አንገቷን እንኳ ሰበር ሳታደርግ፣ ፊት ለፊቷን እያየች እብስ አለች።

ጋሽ ሸዋንግዛው ደስ አላቸው። ግን ምን ይደረግ፣ ሆድም ባሳቸው።

«አየሻት? ከሰው አልቆጠረችኝም እኮ!»

«ጋሼ፣ አደባባይ ውስጥ ሽማግሌ የለም ብለውኝ የለ?» አለች ነጅማ።

«አንቺ ደግሞ መሪሽን ያዢ!»

አደባባዩን ዞረው ወጥተው ዳር ሲይዙ፣ መሰለች ፊት ለፊት መኪናዋን በሥርዓት አቁማለች። ፈታኙ ማለፏን ነግሯት ኖሮ፣ በዜብራው ተሻግራ እንባዋን እየጠረገች መጣችና መስኮቱ ጋ ጎንበስ አለች።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፣ ሳልሰላምዎት አለፍኩ። እማዬን ከእንግዲህ ሐኪም ቤት የማደርሳት እኔው ነኝ።»

ጋሽ ሸዋንግዛው ቀበቷቸውን ፈተው ወረዱና ግንባሯን ሳሟት።

«ማለፍሽ ልክ ነው፣ ልጄ» አሉ። «ሽማግሌ ያለው እዚህ ዳር ነው።»