ስፔስ ቁልፉ ላይ የቀረው ጣት

የበደለኝ የታናሽ እህቴ ባል ነው። የበደለኝም ባለፈው የሰሊጥ ወቅት፣ ኮኪት ከተማ ባለው የሰሊጥ መጋዘኑ፣ በሰው ፊት ነው።

ጡረታ እስክወጣ ኮምፒውተር ሳስተምር ኖሬያለሁ። «እትዬ፣ የሚዛን ፕሮግራም ይሥሩልኝ» ብሎ የለመነኝ ራሱ ነው። ሠራሁለት። ጆንያው ሚዛን ላይ ሲወጣ እሱ የኪቦርዱን ስፔስ ቁልፍ ተጭኖ ይይዛል፤ ሚዛኑ ሲረጋ ይለቃል። ፕሮግራሙ መለቀቁን ሲሰማ ክብደቱን ይመዘግባል።

አንድ ቀን ልጠይቀው ብዬ ስገባ አንድ ገበሬ ይጮሃል። ከጆንያዎቹ አንዱ ተመዝኖ ሳለ አልተመዘገበም።

«ምን ላድርግ አባዬ፣ የእትዬ ሥራ ነው» አለ የእህቴ ባል። «ዓይናቸው ደክሟል፤ ሰሊጥ የሚበላ ፕሮግራም ሠሩልኝ!»

ጭነት የሚጠብቁት ሾፌሮች ሳቁ። አንዱማ «ዛር ይኖርበት ይሆናል፣ ዶሮ እረዱለት» አለ። ገበሬው ግን አልሳቀም። ዞር ብሎ አየኝና «እርስዎም አብረውት ይሰርቃሉ?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አልሆነልኝም። እቤት ቁልፉን እጫናለሁ፣ እለቃለሁ፤ አንድም አይስትም። እነሳለሁ፣ በሙቀቱ እስከ አስፋልቱ ደርሼ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እጫናለሁ። መጨረሻ ላይ ሳልጠራ መጋዘኑ ሄጄ ከእህቴ ባል ኋላ ቆምኩ።

በግራ እጁ ስፔሱን ይዟል። በቀኙ ማውሱን አንስቶ፣ ድምፅ ሊጨምር ስክሪኑ ላይ የሱዳን ዘፈን የሚያጫውተውን መስኮት ነካ። ያኔ ጣቱን አነሳ። ኪቦርዱ ግን መልእክቱን የሚልከው አሁን ለዘፈኑ መስኮት ነው። የእኔ ፕሮግራም መለቀቁን አልሰማም፤ ጣቱ ገና ቁልፉ ላይ ያለ ይመስለዋል። ጆንያው ወረደ፣ ሳይመዘገብ ቀረ።

አስቀድመሽ ልታስቢበት ይገባ ነበር የሚለኝ ይኖራል። እየመዘነ ዘፈን የሚነካካ ሰው መኖሩን በምን ልወቅ?

«ዘፈኑን ዝጋ፤ ቁልፉን ከፕሮግራሙ የሚነጥቀው እሱ ነው» አልኩት።

«እትዬ ደግሞ! ዘፈን ሰሊጥ ይበላል?»

ያዋረደኝ በሰው ፊት ነው። እውነቱን ስነግረው ግን የሰማን አልነበረም፤ ገበሬውም ሰሊጡን ጭኖ ወደ መተማ ዮሐንስ ሄዷል።

ፕሮግራሙን አስተካከልኩት። አሁን መለቀቁ እስኪነገረው አይጠብቅም፤ ቁልፉ በዚህች ቅጽበት ተጭኖ እንደሆነ በየጊዜው ራሱ ይጠይቃል። የእህቴ ባል ኮምፒውተር ላይ አልጫንኩትም። መተማ ዮሐንስ ሄጄ፣ ገበሬው አሁን የሚያስረክብበት መጋዘን ጫንኩት፤ እሱም ቆሞ እያየ ጆንያዎቹን አስመዘንኩ። የእህቴ ባል ለልጁ ሠርግ ሲጠራኝ ግን አልሄድኩም።