ዕጣ የተጣለባቸው ቃላት

ክብሪት ቤት የምታህል ዕቃ ናት። ሣጥኔ ውስጥ፣ ከመቀነቴ ሥር፣ በጨርቅ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። አሁን የምትጠብቀው ምንም ነገር የለም። ይህን እያወቅሁም አልጥላትም። ያን ያህል ያደከመኝን ነገር ቶሎ መጣል አይሆንልኝም።

ያመጧት የልጄ ልጆች ናቸው። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ሁለቱንም ያሳደግኋቸው እኔ ነኝ፤ እዚሁ ቆሰበር፣ በዚሁ የቀርከሃ አጥር ውስጥ፣ ድንች እየሸጥሁ። ልጅቱ በኮምፒውተር ትሥላለች። የውጭ አገር ሰዎች ለሱቃቸው ምልክት፣ ለዕቃቸው መጠቅለያ ሥዕል ያዟታል። ታላቅ ወንድሟ ደንበኛ ይፈልጋል፣ በእንግሊዝኛ ይከራከራል፣ ክፍያ ያስመጣል። ክፍያው የሚመጣው ክሪፕቶ በሚሉት ነው። ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ "በእጅ የማይጨበጥ ገንዘብ ነው፣ እምዬ" አሉኝ። አልሳቅሁም። በስልክ የሚላከውን ብርም መጀመሪያ ስቀንበት፣ በኋላ ለምደነዋል።

ገንዘቡ በፊት የሚቀመጠው በወንዱ ልጅ ስልክ ላይ ነበር። ታዲያ አንድ የሰፈራችን ልጅ፣ በቴሌግራም "ከድርጅቱ ነን፣ ልንረዳህ ነው" ላሉት ሰዎች የምስጢር ቃላቱን ጽፎ ሰጣቸውና የአንድ ዓመት ልፋቱን በአንድ ከሰዓት በኋላ ወሰዱበት። እናቱ እንደ ለቅሶ ቤት መሬት ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። የልጅ ልጄ ያን ካየች በኋላ አላረፈችም። ሃርድዌር ዋሌት የምትባለውን ይህችን ዕቃ ከአዲስ አበባ አስመጣች።

የመጣች ዕለት ዝናብ ነበር። ልጅቱ ማሸጊያውን በመስኮቱ ብርሃን እያገላበጠች መረመረችው።

"ተከፍቶ የታሸገ ቢሆን፣ ወይም ቃላቱ ተጽፈው አብረው ቢመጡ፣ አልነካትም ነበር" አለች። "ሌላ ሰው ያወቀው ቁልፍ ቁልፍ አይደለም።"

ገንዘቡ ዕቃዋ ውስጥ ይገባል ብዬ ነበር የማስበው። አይደለም አለችኝ። ዕቃዋ የምትይዘው ቁልፉን ነው። ዕቃዋ ብትጠፋ ወይም ብትሰበር ቁልፉን መልሶ የሚያወጣው፣ ዕቃዋ ራሷ በትንሿ መስኮቷ የምታሳያቸው ቃላት ናቸው። ሃያ አራት ተራ የእንግሊዝኛ ቃላት፣ በቁጥር ተራ። ልጅቱ አንድ በአንድ በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ አሰፈረቻቸው። ወንድሟ ስልኩን አነሳ።

"ፎቶ ላንሳው፣ እንዳይጠፋ" አለ።

እጁን በጥፊ አለችው። "ስልክህ የአገር ሁሉ ነው! ባለፈው ባጃጅ ውስጥ ረስተኸው አልነበር?"

"ተመለሰልኝ እኮ!"

"ያገኘው ሰው ስላልወደደው ነው።"

ከዚያ የገረመኝን ነገር አደረገች። ገና ምንም ገንዘብ ሳይገባ በዕቃዋ ውስጥ ያለውን ሆን ብላ ደመሰሰችው፤ የጻፈቻቸውን ቃላት አስገብታም መለሰቻት። "በደህና ቀን ካልሞከርነው በጭንቀት ቀን ምን እናደርጋለን?" አለችኝ። ልክ ነበረች። እኔ ያልገባኝ፣ ያ የጭንቀት ቀን ከገዛ ቤታችን እንደሚመጣ ነው።

ጠቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እሱ ባጃጅ ልግዛበት አለ። እሷ ዳንግላ ቤት ተከራይታ የኅትመት ማሽን ልታቆም አሰበች።

"ደንበኛ ባላመጣልሽ ለማን ልትሥይ ነበር?"

"ባልሥል ምን ልትሸጥላቸው ነበር? ድንች?"

ድንቹን ምን አመጣው ብዬ ሁለቱንም ተቆጣሁ። ግን አልበረደም። እሱ ሽማግሌ ጠራ።

ሦስት አባቶች መጡ፤ አንደኛው በፈረስ፣ ሁለቱ በእግር። የመጀመሪያው ቃላቸው "ሴት ናት፣ ነገ ባሏ ቤት ትገባለች፣ ሲሶ ይበቃታል" የሚል ነበር። እኔ ጓዳ ነበርሁ። ወጣሁ።

"እንደ እናንተ ያሉ ሽማግሌዎች የአባቴን መሬት ሲከፍሉም ይህንኑ ብለዋል" አልኋቸው። "ያኔ ልጅ ነበርሁ፣ አፌን ያዝሁ። አሁን ጥርሴ አልቋል እንጂ አፌ አልተያዘም። ግማሽ ካልሆነ በሩ ያውላችሁ።"

ባለፈረሱ ለጎኑ ሰው በአገውኛ አንድ ነገር አለው፤ እንደማልሰማ ቆጥሮ። "ሰምቻለሁ" አልሁት በዚያው በአገውኛ። ግማሽ በግማሽ ሆነ።

ነገር ግን የክሪፕቶው ዋጋ ያን ሰሞን ወርዶ ስለነበር፣ አሁን ከተነካ እንከስራለን ብለው ልጆቹ ራሳቸው ተስማሙ። ዋጋው እስኪመለስ ድረስ ማንም እንዳይነካው መጠበቅ ነበረበት። ዕቃዋ እኔ ጋ ትቀመጥ ተባለ። የምትከፈትበትን የምስጢር ቁጥርም እኔ ላውጣ፣ ለማንም ሳልናገር። ይህ ደህና ነበር። ቀጥለው ግን፣ ቃላቱን በሙሉ የያዘ ሰው ያለ ዕቃዋም ሁሉንም መውሰድ እንደሚችል ሲሰሙ፣ ቃላቱም ይከፈሉ አሉ።

"አባቶቼ" አለች ልጅቱ፣ "ቃሉ ቢከፈል ገንዘቡ አይከፈልም። ግማሹ ብቻውን ምንም አይከፍትም።"

"ግማሽ መሬት አይታረስም?" አላት ባለፈረሱ።

"መሬት አይደለም እኮ።"

"የፊተኞቹ ቃላት ይሻላሉ ወይስ የኋለኞቹ?"

"ሁሉም እኩል ናቸው።"

"እሱን ለም መሬት የያዘ ሁሉ ይለዋል።"

ስለዚህ ዕጣ ሆነ። የማውቀው ፍርድ ነው፤ ማንም ማንንም አይበልጥበትም። እኔም ደስ ብሎኝ ሰፌዴን ከግድግዳ አወረድሁ። ልጅቱ ወረቀቱን ቃል በቃል፣ ከነቁጥሩ፣ ቀዳደደችው፤ እያንዳንዱንም አጣጠፈችና ሰፌዱ ላይ አደረገችው። ባለፈረሱ ተቀብሎ፣ አድልዎ እንዳይኖር ብሎ፣ እንደ ጤፍ አንጓለለው። ከዚያ እሷ አንድ፣ እሱ አንድ፣ እሷ አንድ፣ እሱ አንድ እያሉ አነሱ። "አለቀ፣ ተመስገን" ተባለ። ተመረቅን። ሰፌዱን መልሼ ሰቀልሁት። ከዚያ ወዲህ ትከሻዬ አልታዘዝ ስላለኝ አላወረድሁትም፤ እህል የምታንጓልልልኝ ጎረቤቴ የራሷ ሰፌድ አላት።

ልጅቱ ድርሻዋን ይዛ ዳንግላ ሄደች፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠረች። ወንዱ ድርሻውን በክብሪት ቤት አድርጎ ቀረ። አይነጋገሩም ነበር። እኔ በሁለቱ መካከል "ደህና ነው?"፣ "ደህና ናት?" እየተባልሁ ስልክ መቀበል ሰለቸኝ።

ከክረምት በኋላ አንድ ቀን ለቅሶ ደርሼ ስመለስ፣ ወንዱ ልጅ ዕቃዋን በእጁ ይዞ በረንዳው ላይ ቆሞ አገኘሁት። ፊቱ አመድ መስሏል።

"እምዬ፣ ጠፋች።"

"በእጅህ አይደለችም እንዴ?"

"ውስጧ ነው የጠፋው። ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ከተሳሳትሁ ሁሉንም ታጠፋለች።"

በጥሩ ዋጋ የሚሸጥ ባጃጅ አግኝቶ ኖሯል። ቁጥሬን ከየት አውቆ ሞከረ? የማርያምን ሃያ አንድና የሚካኤልን አሥራ ሁለት ገጥሞ ሞከረ። አገላብጦ ሞከረ። ከዚያ መድኃኔ ዓለምን ጨመረ። ጸሎቴን ሁሉ ሲቆጥርብኝ ኖሯል! ልስቅም ላለቅስም አቅም አልነበረኝም። በረንዳው ላይ ተቀመጥሁ።

"ቃላቱ አሉ አይደል?" አልሁት።

"ግማሹ እሷ ጋ ነው።"

"ታዲያ ደውልላት።"

"ደወልሁ። በስልክ ንገሪኝ ብላት ዘጋችብኝ።"

በነጋታው ሚኒባስ ተሳፍሬ ወረድሁ። እስከ አዲስ ቅዳም ቆሜ፣ ከዚያ በሰው ጭን ላይ ግማሽ ተቀምጬ ዳንግላ ደረስሁ። ልጅቱ የሰው ወረቀት እያባዛች ነበር። ስታየኝ ማሽኑን አቆመችው።

"ሊሰርቀኝ ነበር፣ እምዬ።"

"ሊሰርቅሽ ነበር። አልቻለምም።"

"ቃሌን ብሰጠው መላውን ይወስዳል። ያለእኔ ቃል ግን የሁለታችንም ይቀራል። የቱ ይሻላል?"

"የአንቺ ልፋት እንዲቀር አይደለም ከሽማግሌ ጋር የተጣላሁት" አልኋት። "በስልክ አትናገሪ። ልክ ነሽ። ነይና በገዛ እጅሽ አስገቢ፤ እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ።"

ያባዛቻቸውን ወረቀቶች ሰብስባ ደረደረች። ከዚያ "ለራሴ ሌላ ዋሌት ገዝቻለሁ" አለችኝ ቀስ ብላ። "እሑድ ይዣት እመጣለሁ። ድርሻዬን ወደዚያ ካላዛወርሁ ግን አንዲት ቃል አላስገባም።"

እሑድ መጣች። ሰላምታቸው ለጎረቤት እንኳ የማይበቃ ነበር። አንዱ የሌላውን ቃል እንዳያይ ተባለ፤ ይህ የሽማግሌዎቹ ፍርድ ስለነበር እኔም ልለውጠው አልደፈርሁም። ዕቃዋ የመጀመሪያውን ቃል ስትጠይቅ "አንደኛው ማን ጋ ነው?" እላለሁ። "እኔ ጋ" ትላለች። እሱ ይወጣል። ሁለተኛው እሱ ጋ ይሆናል፤ እሷ ትወጣለች። ሦስተኛው መልሶ እሱ ጋ፤ እሷ ውጪ ትቆያለች። ውጪው ጭቃ ነው፤ ደጄ በእግራቸው ላቆጠ። እኔ በር ከፍቼ በር ስዘጋ ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ። እህትና ወንድም፣ ከአንድ ጡት የጠቡ፣ እንዲህ በር ላይ ሲተላለፉ ማየት ከወገቤ ይልቅ ልቤን አደከመው።

ዘጠነኛው ላይ ደረስን።

"ዘጠነኛው ማን ጋ ነው?"

ሁለቱም ወረቀቶቻቸውን አገላበጡ።

"እሷ ጋ ነው" አለ።

"እኔ ጋ የለም! እሱ ደብቆት ነው፣ ቢያንስ አንዱን ይዤ ላስገድዳት ብሎ!"

"እኔ ነኝ የምደብቀው? አንቺ ነሽ ዳንግላ ድረስ ይዘሽው የሄድሽው!"

"እናታችን ትሙት..." ብላ ጀመረች፤ የሞተች እናታቸውን ስትጠራ አፏን በእጇ ከደነች።

ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁት። "ዘርግፉ! ሁለታችሁም፣ ፊት ለፊት!"

ዘረገፉ። እሷ ጋ ድርሻዋ ሙሉ ነው። የእሱ አንድ ጎድሏል። ቆጥሮት አያውቅም። ኪሱን ገለበጠ፣ ክብሪት ቤቱን ቀደደ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ልጅቱ ስታየው ንዴቷ ወደ ፍርሃት ሲለወጥ አየሁ። ዘጠነኛዋ ቃል ካልተገኘች የሁለቱም ልፋት ሄደ ማለት ነው።

"ያን ቀን የመጨረሻውን ያነሳው ማነው?" አልሁ።

"እሷ ናት" አለ። "እኔ እንኳ እጄን ዘርግቼ ነበር። ባዶ ሲሆንብኝ፣ አልቆ ይሆናል ብዬ መለስሁት።"

እጁ ትዝ አለኝ። ባዶ ሰፌድ ላይ የተዘረጋች እጁ፣ ምርቃቱ የተጀመረባት። ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ።

ሰፌዱን ያወረደው እሱ ነው፤ እኔ አልደርስበትም። የጠርዙ ቆዳ በአንድ በኩል ተላቅቋል፤ ልሰፋው ልሰፋው እያልሁ ዓመት ያለፈው ነው። ጣቷ ቀጭን ስለሆነ ከቆዳው ሥር የገባችው ልጅቱ ናት። ታጥፋ የተጣበቀች ወረቀት አወጣች። ሽማግሌው አድልዎ እንዳይኖር ሲያንጓልል ወደዚያ አስገብቷታል።

ልጅቱ ወረቀቷን ፈታችና ቁጥሩን አየች። ለወንድሟ ዘረጋችለት። "የአንተ ናት" አለችው።

በሩን ዘጋሁና በርጩማዬን ከበሩ ሥር አድርጌ ተቀመጥሁበት። "ከእንግዲህ የሚወጣ የለም" አልሁ። "ደክሞኛል።"

ጎን ለጎን ተቀመጡ። የእሷን እሱ አነበበ፣ የእሱን እሷ አስገባች። ዕቃዋ ተከፈተች። አዲስ ቁጥር አወጣሁባት። ልፋታቸው እንዳለ ነበረ።

ከዚያም የእሷ ድርሻ ወደ አዲሷ ዋሌት ተላከ። የሚላክበት አድራሻ የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው፤ እንደ ሰንሰለት ይረዝማል። እሷ ከዕቃዋ መስኮት ላይ አነበበች፤ እሱ በኮምፒውተሩ ላይ ተከተለ፤ አንዷ ፊደል እንኳ እንዳትለይ። መጀመሪያ ጥቂት ላኩ። ኔትወርኩ ሄዶ መጣ። ጥቂቷ መድረሷን ካዩ በኋላ ነው ቀሪውን የላኩት። የእሱን ድርሻ፣ ዋጋው ሙሉ በሙሉ ባይመለስም፣ በማግስቱ ሸጠው፤ ባጃጁን ገዛ። በዚያች ዕቃ የሚጠበቅ ነገር ሲያልቅ ወረቀቶቹን ምድጃ ውስጥ ጨመርኋቸው። የአዲሷን ዋሌት ቃላት ግን ልጅቱ ለእኔም አላሳየችኝም፤ እንዳታሳየኝ ያልኋትም እኔ ነኝ።

ባለፈረሱን ሽማግሌ ገበያ ላይ አገኘሁት። "ፍርዳችንን አፈረሳችሁት አሉ" አለኝ።

"ፍርዱ ደህና ነበር፣ አያ። ግማሽ ነው ያላችሁት፣ ግማሽ አግኝታለች" አልሁት። ሌላውን ለማስረዳት ጉልበት አጣሁ።

ልጆቹ እንደ ድሮው ሆነዋል አልልም። እሱ ግን በባጃጁ ወደ መናኸሪያ ሲሄድ፣ እሷ ከዳንግላ የምትመጣበት ቀን ከሆነ፣ ሌላ ተሳፋሪ አይጭንም። ሂሳብ ልክፈል ስትለው ይሰድባታል። እኔ ከአጥሩ ውስጥ ሆኜ ሲከራከሩ እሰማቸዋለሁ፤ ተነስቼ ልገላግላቸው እልና፣ እተወዋለሁ።