ገዘር ላይ ከአስተርጓሚነት የተባረርኩበት ሳምንት

እኔና የአምስት ዓመቷ ልጄ ቤዛ ማለዳ ከጂንካ መናኸሪያ እናቴ ወዳለችበት ወደ ገዘር ተነሣን። የጉዞው ዓላማ አንድ ነው፦ ቤዛ ያለ እኔ ከአያቷ ጋር እንድታወራ። ባለቤቴ አያቶቹ ከሰሜን የመጡ የጂንካ ልጅ ስለሆነ ቤታችን አማርኛ ብቻ ነው። እናቴ ደግሞ ከትውልድ ቋንቋችን ከአሪኛ ሌላ የምታውቀው የገበያ አማርኛ ነው። ባለፈው ስትጠይቀን የልጅ ልጇን ልታጫውት ፈልጋ ቃል ብታጣ «ስንት ነው? ቀንሺ!» አለቻት። ስቄ ልሞት ነበር፤ በኋላ ግን አለቀስኩ።

ሚኒባሱ ሽቅብ ሲወጣ አየሩ ቀዘቀዘ፤ ግራና ቀኙ እንሰት በእንሰት ሆነ። ቤዛ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ «እማ፣ ይሄ ሁሉ ሙዝ ነው?» አለች።

ጎኔ የተቀመጡ አንዲት እናት ሳቁ። «እንሰትና ሙዝ ያልለየች የማን ልጅ ናት?»

አፍሬ የቤዛን ሹራብ መቆለፍ ጀመርኩ።

ገዘር

እናቴ ጎደሬ ቀቅላ ጠበቀችን። ቤዛ ትጠይቃለች፣ እኔ እተረጉማለሁ፤ እናቴ ትመልሳለች፣ እኔ እተረጉማለሁ። ሁለቱም የሚያዩት እኔን ነው። በመጨረሻ እናቴ ተቆጣችና በአሪኛ «አንቺ ወንድምሽ ቤት ሂጂ» አለችኝ።

«ልጅቷስ?»

«ሲርባት ታወራለች።»

እናቴን ማን ይከራከራል? ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ።

ወንድሜ ቤት አርፌ መቀመጥ አቃተኝ። በየቀኑ ሰበብ እየፈጠርኩ የእናቴ እንሰት ውስጥ ተደብቄ አዳምጥ ነበር። መጀመሪያ ለቅሶ ሰማሁ፤ በማግስቱ ዝምታ። ከዚያ አንድ ቀን ቤዛ ከጎረቤት ልጅ ጋር በመዝለያ ገመድ ስትጣላ ደረስኩ፤ ያውም በአሪኛ! «የኔ ነው፣ አምጪ!» ትላለች። አነጋገሯ ቢንሻፈፍም ልጅቷ ገመዱን ሰጠቻት። መደበቄን ረስቼ እልል አልኩ!

እናቴ ብቅ አለች። «ሂጂ አላልኩሽም?»

ቤዛ ዞር ብላም አላየችኝ።

የመመለሻችን ዕለት አያትና የልጅ ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጎመን እየቀነጠሱ ይንሾካሾካሉ። ጠጋ ስል ዝም አሉ። ደስታዬ ወሰን አጣ፤ ከእኔ የሚደብቁት ወሬ አላቸው!

ጂንካ

አመሻሽ ላይ ቤት ገባን። ባለቤቴ ቤዛን አቅፎ «አያትሽ ምን አሉሽ?» ሲላት በአሪኛ ረጅም ወሬ ጀመረች። ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ።

«ምን እያለች ነው?»

ልተረጉም አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። እኔ መሀል እስካለሁ ድረስ ማንም ራሱ ለመናገር እንደማይጥር ገዘር አስተምራኛለች።

«እሷን ጠይቃት» አልኩት።

ቤዛም ጉንጩን ይዛ ፊቱን ወደ ራሷ መለሰችና ቀስ እያለች፣ በአሪኛ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረችለት።