በዳዴ ያልታለፈው ወለል

የተቃጠለ አቡጀዴ ሽታ እንደ ሌላ ጭስ ነፋስ ጠርጎ አይወስደውም፤ ከጸጉርና ከልብስ ተጣብቆ ይከርማል። በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት መጋላ በሚባለው የገበያ ሰፈር ውስጥ አንድ የጨርቅ መደብር ሲቃጠል ወልደ ማርያም ለብሶት የነበረውን ካፖርት፣ ባለቤቱ በለጠች ሦስት ጊዜ አጥባው ሽታው አለቅ ቢላት ከደጅ ሰቅላ ተወችው።

ወልደ ማርያም አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ እሳት ሲያጠፋ የኖረ፣ ቁጥብና ለቁመናው የሚጠነቀቅ ሰው ነበር። ለእሳትም ሲጠራ እንኳ ቆቡን አቃንቶ ነው የሚወጣው። አዲስ ገቢዎቹን የሚያስተምረው እርሱ ነው። የመጋላን የጥንት ፎቅ ቤቶች ወለል አትመኑ ይላቸዋል፤ ከሥር ግንድ፣ ከላይ የተደለደለ ጭቃ ስለ ሆነ፣ እሳት ግንዱን በልቶት ሳለ ጭቃው ለእግር ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ በዳዴ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ፣ ፊት ፊቱን በመጥረቢያ እጀታ እያንኳኩ ነው የሚኬደው።

መደብሩ በተቃጠለ ዕለት ከፎቁ የሚኖረው ቤተሰብ በሙሉ ወርዷል ቢባልም፣ ሰው አለመቅረቱን ሊያረጋግጡ እርሱና ባልደረባው ጉሌድ በውጭው ደረጃ ወደ ሰገነቱ ወጡ። ገበያተኛው ከታች አንጋጦ ያያቸዋል። ተንበርክከው መዳህ ሲጀምሩ ሃሊሞ የምትባል ጨርቅ ሻጭ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣

«አቦ፣ እሳት ልታጠፉ መጣችሁ ወይስ ዳዴ ልትማሩ?» አለች።

ሰዉ ሳቀ። የወልደ ማርያም ጆሮ ጋለ። ብድግ ብሎ ጉልበቱን አራገፈና ጎንበስ ብሎ መዳፉን ከበሩ ወዲያ ወለሉ ላይ አሳርፎ፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ተነሥ አለው። ጉሌድ ግን አልተነሣም።

«እናንኳኳ እንጂ፣ ጋሽ ወልዴ።»

«ተነሥ ብያለሁ።»

ጉሌድ ታዘዘ። በሩን አልፎ አራት እርምጃ ያህል እንደ ሄደ ወለሉ ከነጭቃው ተደረመሰ። ከሥር ውኃ ሲረጩ የነበሩት ጎትተው አወጡት፤ ዳሌው ግን ተሰብሮ ነበር።

ከአራት ወር በኋላ በመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። ጉሌድ የወደቀው ታዝዞ ከሆነ በጣቢያው ቀላል ሥራ ይሰጠዋል፤ ደንብ ጥሶ ከሆነ ይሰናበታል። የእርሱ ቃል ብቻውን አልበቃም፤ አብሮት የነበረው ይመስክር ተባለ። ወልደ ማርያም ሌሊቱን እንቅልፍ በዐይኑ ሳይዞር አድሮ፣ ሁሉንም እንደሚናገር ለበለጠች ነግሯት፣ እርስዋም ተናገርና ይውጣልህ ብላው ነው የመጣው።

«ጓድ ወልደ ማርያም፣ ቁሞ እንዲሄድ ያዘዘው ማነው?» አሉ ሰብሳቢው።

ተነሣ። በፊተኛው ረድፍ ያስተማራቸው አዲስ ገቢዎች ደብተራቸውን ዘርግተው ይጠብቁታል። ጉሌድ ከወዲያ ሆኖ፣ አይዞህ እንደ ማለት ራሱን በቀስታ ነቀነቀለት። ያ አይዞህ ባይነት አንገበገበው። ዐይኑን ከጫማው አላነሣም።

«ጭሱ ብዙ ነበር» አለ። «ማን ምን እንዳለ አላስታውስም።»

የሰብሳቢው ብዕር ወረቀቱን ሲጭር ተሰማ። ጉሌድ ለወትሮው ከሰው መካከል ሲነሣ አንዱን በአማርኛ፣ አንዱን በሶማልኛ ተሰናብቶ፣ የሁሉን ልጅ በስም ጠይቆ ነበር የሚሄደው። አሁን ምርኩዙን ተደግፎ ቆመ፤ ሊደግፉት የተነሡትን በእጁ መለሰ፤ በወልደ ማርያም አጠገብ ልብሱን እየነካ አልፎ፣ ለማንም አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ወጣ።