የምንይሉ እጅ

በሞላሌ ዙሪያ ካሉት መንደሮች በአንዱ፣ የበግ አርቢዎች ማኅበር በየዓመቱ ጥር ላይ ተሰብስቦ ለዘር የሚቀሩትን አውራ በጎች ይመርጣል። ያልተመረጠው ይቀጠቀጥና ሙክት ሆኖ ይቀለባል። የዛሬ ሁለት ዓመት የምንይሉ በግ ሲቀርብ ጎረቤቱ ተክለጻድቅ ከኋላ ዞሮ አየና፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ላት ነው ወይስ የአይጥ ጭራ?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። የምንይሉ የገዛ ሚስቱ ጽናት እንኳ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ተክለጻድቅ ቀልዱን እዚያው ጥሎት ሄደ፣ ምንይሉ ቋጥሮት ቤቱ ገባ።

ከዚያ ወዲያ ኑሮው ሁሉ ተክለጻድቅን እያዩ መወሰን ሆነ። ተክለጻድቅ ገብስ ሲዘራ እሱ ባቄላ ዘራ፤ ማሳው ባቄላ እንደማይወድ እያወቀ። በተክለጻድቅ ደጅ ላለማለፍ አቋራጩን ትቶ ዳገቱን ይዞራል። ጽናት «ማንን ልትጎዳ ነው እግርህን የምትፈጀው?» ብትለው «እግሬ ነው፣ ምን አገባሽ!» ይላታል። እንዲህ ያለ ቂመኛ ጎረቤት እግዜር አይስጣችሁ።

ምንይሉ ሀብት የለውም፤ ያለው እጁ ነው። በግ ዳብሶ የተናገረውን የሚጠራጠር የለም። ከማዕረግና ከገብረየሱስ ጋር መራጭ የሆነው፣ ሰርግ ላይ «ጋሽ ምንይሉ» ተብሎ ከፍ ያለ ቦታ የሚሰጠው በዚሁ እጁ ነው።

ዘንድሮ የተክለጻድቅ አውራ ቀረበ። ደረቱ ሰፊ፣ ላቱ ትራስ የሚያህል፤ ምንይሉ በዕድሜው እንዲህ ያለ በግ አላየም። ከተመረጠ የመንደሩን እናት በጎች ሁሉ ያጠቃል፣ የምንይሉንም ሦስቱን። ግልገሎቹ እንደሚያምሩ ያውቃል። ግን በገዛ በረቱ የተክለጻድቅ ዘር ሲጮህ ታሰበው። እጁን ሰደደና ዳበሰ። ሁለቱም ቆለጦች ደህና ነበሩ።

«አንዱ አልወረደም» አለ። «ለዘር አይሆንም።»

«ጋሽ ምንይሉ ካሉማ አለቀ» አለ ማዕረግ፤ ለመዳሰስ እንኳ አላጎነበሰም። ገብረየሱስም ራሱን ነቀነቀ። ማኅበሩ የጠራው የእንስሳት ሐኪም ሥራው መቀጥቀጥ እንጂ መምረጥ አይደለምና፣ ሳይጠይቅ በጉን አስተኝቶ በብረት ቀጠቀጠው። ተክለጻድቅ የገዛ ዓይኑን ትቶ የምንይሉን እጅ አመነ፤ ፊቱ አመድ መሰለ፣ የምንይሉ አንጀት ቅቤ ጠጣ። በማግስቱ በአቋራጩ ሄደ፤ በተክለጻድቅ ደጅ እያፏጨ አለፈ።

የፋሲካ ዕለት ተክለጻድቅ ራሱ መጣ፤ ማዕረግና ገብረየሱስ ተከትለውታል። ሙክቱን አርዶ ከጥብሱ በሳህን ይዞ ነበር። «እንኳን አደረሰህ፤ ብላ» አለው። ምንይሉ በላ። የጠላቱን በግ ከጠላቱ እጅ መብላት ጣመው፤ ደጋግሞ ጠቀለለ።

«ጣመህ?»

«እግዜር ይስጥልኝ፤ ሙክት ይሏል ይሄ ነው!»

«ዛሬ ሳርደው ሁለቱም ቆለጦች ከቦታቸው ነበሩ» አለ ተክለጻድቅ ድምፁን ሳያነሳ። «ጠውልገዋል እንጂ አንዱም አልጎደለም። እነዚህን ጠርቼ አሳየኋቸው።»

ጉርሻው በምንይሉ አፍ ውስጥ ቆመ። ማዕረግን አየው፤ ማዕረግ መሬት መሬት አየ።

«ያኔውኑ መጥተው ሊነግሩህ ነበር፤ መጀመሪያ ይብላ ያልኩት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ በዚህ አገር በጉን ዳብስልኝ የሚልህ ሰው የለም። በል ጨርሰው፣ ላንተ ብዬ ነው ያመጣሁት።»

ጽናት ልታስታጥበው የያዘችውን ማንቆርቆሪያ አጠገቡ አስቀመጠችና ከእንግዶቹ ጋር ወጣች።