ታጥቦ ያልለቀቀው ጥቁር ራስ

እኔ መጻፍ የምችል ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። አሁንም እጄ ይፈራል፤ ከተሳሳትኩ ይቅር በሉኝ። ግን ስለ ኦቦ ኢተፋ ማን ይጽፋል ብዬ ነው።

ኦቦ ኢተፋ ገፈርሳ ግድብ ላይ ጥበቃ ናቸው። እኔ እዚያው መንገድ ዳር ሻይ እሸጣለሁ። ሥራቸው ሰው ውሃው ውስጥ እንዳይገባ መከልከል ነው፤ ዳር ዳሩን ሲዞሩ ስለሚውሉ ግን ወፎቹንም ያውቋቸዋል። ከአዲስ አበባ እየመጣ ወፍ የሚቆጥር ዓባይነህ የሚባል ሰው፣ "እንግዳ ወፍ ካዩ ይደውሉልኝ" ብሎ ስልክ ቁጥሩን ሰጥቷቸዋል።

አምና ደወሉ። ደረቱ ቀይ የሆነ ነጭ ወፍ አየሁ አሉ። ዓባይነህ መኪና ተከራይቶ መጣ። ወፉ ለካ ያው ከብት ጀርባ ላይ የሚቆመው ነው፤ ለገበያ ቀይ ቀለም የተቀባ በግ ላይ ተቀምጦ ኖሯል። ዓባይነህ አልሳቀባቸውም፣ የሳቀው ሰፈሩ ነው። ቀለምም የሚሸጠው ባለሱቁ ከድሩ ከዚያ ወዲህ ባያቸው ቁጥር፣ "ኦቦ ቀለም! ዛሬስ ማን ተቀብቶ መጣ?" ይላቸዋል። እሳቸውም ይስቃሉ። መደወሉን ግን ተዉት።

ዘንድሮ የካቲት ላይ አንድ ጠዋት መጥተው፣ ሻይ ሳያዙ ቆሙ።

"ሰብሌ፣ ነይ እስቲ አንድ ነገር እዪልኝ።"

ውሃው ዳር ሄድን። ከጥቅምት እስከ መጋቢት የሚመጡት ነጫጭ የባሕር ወፎች ጭቃው ላይ ቆመዋል። መካከላቸው አንድ ትልቅ አለ፣ ራሱ በሙሉ ጥቁር።

"ይደውሉላ!" አልኳቸው።

"ይሄም ቀለም ቢሆንስ? ሁለተኛ ካስዋሸኝ ያ ሰው ያምነኛል?"

"አምና እኮ ተሳስተው ነው እንጂ አልዋሹም።"

"ለለፋው ሰው አንድ ነው።" ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። "እስኪታጠብ እጠብቀዋለሁ።"

እኔ ወደ ሻዬ ተመለስኩ። ስድስት ሰዓት አካባቢ እያለከለኩ መጡ።

"ራሱን ሦስቴ ነከረ፣ አራገፈ፣ አልለቀቀም! በይ ደውዪልኝ።"

ስልካቸውን ተቀብዬ ደወልኩና ድምፁን ከፍ አድርጌ ሰጠኋቸው። ዓባይነህ ሰምቶ፣ "ኦቦ ኢተፋ፣ የትንንሾቹም ራስ እኮ በዚህ ወር መጥቆር ይጀምራል" አላቸው።

"አውቃለሁ። የነሱ መንቁር ቀይ ነው። የዚህ ቢጫ ሆኖ ጫፉ ላይ ጥቁርና ቀይ አለበት። እግሩም ቢጫ ነው። በዚያ ላይ ሁለቱን ያህላል።"

ዓባይነህ ወዲያው መለሰ። "ካጠገቡ እንዳይርቁ፣ መጣሁ።"

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰ። በሦስት እግር በሚቆመው መነጽሩ አየ፤ መጽሐፉን ገለጠ፤ እንደገና አየ።

"ትልቁ ጥቁር ራስ የሚባለው ወፍ ነው፣ ኦቦ ኢተፋ። እዚህ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።" ደብተሩን አወጣ። "መጀመሪያ ያየው ሰው ተብሎ ይጻፋል። ስምዎ ከነአባትዎ?"

"ኢተፋ ጂሬኛ" አሉ ቀስ ብለው።

ከድሩም ሱቁን ትቶ ሊያይ መጥቶ ነበር። "ኦቦ፣ ይሄኛው ቀለም ከየት ተገዛ?"

"ካንተ ሱቅ አይደለም። ያንተማ ይለቃል።"

ከድሩ ራሱ ነው ቀድሞ የሳቀው።

በማግሥቱ ጠዋት ኦቦ ኢተፋ ዳሩን ዞሩ፤ ትልቁ ወፍ የለም። እኔን ሳይጠሩ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ራሳቸው ደወሉ። "አካም ቡልቴ፣ ዓባይነህ። ሄዷል፣ በከንቱ እንዳትለፋ። ትንንሾቹ አሥራ አንድ ናቸው" አሉት።