በአፌ አልስብም ያለችው ዙሀራ

ዙሀራ ጀላልን ከሩቅ ያየ ሰው ዝምተኛ ትመስለዋለች። አይታለል። ኮልፌ አብረን ስንማር አስተማሪያችን ሴቶች ከኋላ እንድንቀመጥ አዝዞ ነበር። እኛ ታዘዝን፤ እሷ ከፊት ተቀመጠች። ተገርፋ ወደ ኋላ ሄደች፤ በማግስቱ ከፊት ተገኘች። እንደገና ተገረፈች፤ እንደገና ከፊት ተገኘች። በመጨረሻ የደከመው አርጩሜው ነው። እኔ ጥሩብርሃን ጎረቤቷ ነኝ፤ ኋላም በአንድ ላቦራቶሪ አብረን ሠርተናል። ስለ ግትርነቷ ከእኔ የተሻለ ምስክር የለም፤ ከእኔ የበለጠ የተናደደባትም የለም።

ሥራችን የጉድጓድ ውሃ መመርመር ነበር። ከየጠቅላይ ግዛቱ ውሃው በጠርሙስ ይመጣል፤ እኛ ነጭ ጋዎናችንን ለብሰን ንጹሕ ነው አይደለም ብለን እንፈርዳለን። ለአንዲት የኮልፌ ነጋዴ ልጅ እዚያ መድረስ ቀላል ነገር አልነበረም። አባቷ ጋሽ ጀላል ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ሥራውን የፈቀዱላት በውል ነው፦ «ሥሪ፤ ግን አንድ ቀን ተባረሽ የመጣሽ እንደሆነ ሱቅ ትገቢያለሽ፤ ከሱቅ ደግሞ ወደ ባልሽ ቤት።» ባል የሚሆነውንም ሰው ጋሽ ጀላል በልባቸው መርጠው አስቀምጠውታል። ዙሀራ ሱቁንም ሰውዬውንም አትፈልግም። የምትፈልገው ላቦራቶሪዋን ነው።

ለምርመራው ከምንጠቀምባቸው ነገሮች አንዱ ፌኖል ነበር። ሲመጣ ነጭ ጨው ይመስላል፤ ሲከርም ሮዝ ይሆናል፤ ሲሟሟ ከውሃ አይለይም። ሽታው እንደ ሆስፒታል ወለል ነው፤ ጣፈጥ ይላል። ተንኮሉ ሌላ ነው። ሰውነት ሲነካ መጀመሪያ ያደነዝዛል፤ ስለዚህ የተነካው ሰው አላቃጠለኝም ብሎ ይስቃል፤ እሱ ግን ሥጋውን እየበላ ወደ ደም ይገባል። ይህንን ጉድ የምንለካው ፒፔት በሚባል ቀጭን የመስታወት ቱቦ፣ በአፋችን እየሳብን ነበር። በእርግጥ ቱቦው ጫፍ ላይ የሚሰካ መሳቢያ ጎማ አለ፤ ጎማው ይስባል፣ አፍ ያርፋል። የት አለ ብለን ስንጠይቅ መልሱ «ታዝዟል» ነው። እኔ ሥራ ስገባም ታዝዞ ነበር። በዚህ አገር የታዘዘ ነገር ሁሉ የት እንደሚከማች እግዜር ይወቀው።

አለቃችን አቶ መኳንንት ክፉ ሰው አልነበሩም። እሳቸውም በአፋቸው ነው የሚስቡት። የሙያው ወግ እንደዚያ ነበር፤ በአፉ መጥኖ ልክ መስመሩ ላይ የሚያቆም ባለሙያ ይባላል፣ ጎማ የሚጠይቅ ደግሞ ፈሪ። ማን ፈሪ መባል ይወዳል?

በ፲፱፻፷ ዓ.ም. ኅዳር ላይ ወንድይፍራው የሚባል ባልደረባችን ፌኖል እየሳበ ሳለ ሊቀልድብን ዘወር አለ። የቱቦው ጫፍ ከፈሳሹ ወጣ፤ አየር ገባበት፤ ቱቦው ውስጥ የነበረው ሁሉ ተፈናጥሮ አፉ ውስጥ ገባ። ተፋው፤ ከዚያም ሳቀ። «አፌ ደነዘዘ እንጂ ምንም አይል» አለን። አቶ መኳንንትም ተጉመጥምጦ ሥራውን እንዲቀጥል ነገሩት። ምሳ ሳይደርስ ከንፈሩ ነጣ፤ ከዚያ ምላሱ ተላጠ፤ ተሸክመን ሆስፒታል ወሰድነው። ሲመለስ ድምፁ የሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ሥራ እየሠራ የሚያንጎራጉር ልጅ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አንጎራጉሮ አያውቅም። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ወንድይፍራው በተጎዳ ማግስት ዙሀራ ፒፔቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «በአፌ አልስብም» አለች። መስኮቱን ከፈተች፣ ጓንት አጠለቀች፣ ምልክት ባለው የመስታወት መለኪያ እያንጠባጠበች መለካት ጀመረች። ይቻላል፤ ግን ይዘገያል፤ ያን ያህልም ልክ አይመጣም። ጠርሙሱ ተከመረ። አቶ መኳንንት አንድ ሁለት ቀን እያዩ አለፏት፤ ከዚያ ደስ ደስ የሚል መላ አመጡ።

«ዙሀራ፣ ነገሩ ገብቶኛል» አሉ በሁላችን ፊት። «ረመዷን ሊገባ ነው። እኔ የሰው ሃይማኖት አከብራለሁ። እስከ ኢድ ድረስ ምንም ነገር በአፍሽ አይግባ። ያንቺን ድርሻ ጥሩብርሃን ትስብልሻለች።»

እኔን ማን ጠየቀኝ? ያን ዓመት ሁለቱ ጾሞች ተገናኝተው ነበር፤ እኔም የነቢያትን ጾም ይዣለሁ። ግን አለቃ አለቃ ነው።

«ምክንያቴ ጾም አይደለም» አለች ዙሀራ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ወንድይፍራው ነው። ደግሞ የእኔ ድርሻ ወደ ጥሩብርሃን አፍ ይሂድ አላልኩም። መርዙ ከአንድ አፍ ወደ ሌላ አፍ ቢዛወር ምን ጠቀመን?»

አቶ መኳንንት ፊታቸው ተለዋወጠ። ሰው በአደባባይ ሲቸር ችሮታው ሲመለስበት አይወድም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አሉ። «እሺ። ለጾሙ ስል እስከ ኢድ እታገሥሻለሁ። ከኢድ በኋላ ወይ እንደ ሰው ትስቢያለሽ፣ ወይ ትሰናበቻለሽ።»

ወደ ኮልፌ ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ተጣላን። «እሺ ብትይ ምን ነበረበት? ወሩን ሙሉ ታርፊ ነበር» አልኳት።

«አንቺስ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ?»

«ወንድይፍራውም እኮ እንደዚያ ነበር የሚለው።»

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እውነቷን ስለሆነ ነው ያናደደችኝ።

ረመዷን በገባ በሳምንቱ ለማፍጠሪያ ጠሩኝ። አዛን ተብሎ ቴምሩ ከተቀመሰ በኋላ ጋሽ ጀላል ነገሩን አነሱት፤ ወሬው ሱቃቸው ድረስ ደርሶ ኖሯል። «ልጄ፣ አላህ መውጫ ሰጥቶሽ ነበር» አሉ በለዘብታ። «ሰውዬው ስለ ጾምሽ ነው ካለ፣ አዎ ነው በዪ። ማን ይጎዳል?»

«ይቺ የተቀመጠችው ትጎዳለች» አለች ወደ እኔ እያሳየች። «ደግሞስ አባባ፣ ጾሜን ለውሸት ምስክር ልጥራው? ኢድ ሲያልፍስ ማንን እጠራለሁ?»

ጋሽ ጀላል ሾርባቸውን ወደ ጎን አደረጉት። «ውላችንን ግን ታውቂያለሽ» አሉ።

«አውቃለሁ» አለች፤ የሥጋ ሳምቡሳውንም ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ። እኔ ጿሚ መሆኔን የረሳችው በዚያን ዕለት ብቻ ነው፤ እንዳልተረጋጋች ያወቅኩትም በዚያ ነው።

ወሩ እንዲሁ አለፈ። እሷ እያንጠባጠበች ለካች፤ እኔ የራሴን ድርሻ በአፌ መሳቤን ቀጠልኩ። ስስብ እንዳላያት ፊቴን አዞራለሁ። ፊት ማዞር ምን እንደሚያመጣ ከወንድይፍራው መማር ነበረብኝ፤ ግን እልህ ምን ያስተምራል?

ኢድ ባለፈ ማግስት ጠዋት ጋሽ ጀላል ሱቃቸውን ሳይከፍቱ እስከ ፌርማታው ሸኙን። ሸኝተውን አያውቁም ነበር። አውቶቡሱ ሲመጣ፣ «ብትባረሪ ሱቁ አለ» አሏት። «ባትባረሪም ሱቁ የትም አይሄድም። የሰውዬውን ነገር ግን ትቼዋለሁ። ካንቺ ጋር መኖር የሚችል አይመስለኝም።» ዙሀራ ያን ጠዋት የሳቀችው እዚያ ላይ ነው።

አቶ መኳንንት በር ላይ ጠበቋት። «ጾሙ አለቀ» አሉ። «አሁንስ?»

«ጾሙ አለቀ፤ መርዙ ግን አላለቀም።»

ወንድይፍራው እንኳ ጠርሙስ ማጠቡን ተወ። አቶ መኳንንት ተናደው ከጠረጴዛው ላይ አንድ ፒፔት አነሡ፣ ፌኖሉ ውስጥ ነከሩት፣ «ፀጉሬ እስኪሸብት በአፌ ስቤያለሁ፤ ምን ሆንኩ?» እያሉ ወደ ከንፈራቸው ወሰዱት። ዓይናቸው ግን ዙሀራ ላይ ነው፤ የቱቦው ጫፍ ከፈሳሹ ይወጣል፣ ይገባል። ሁላችንም አየነው። ሊያባርራት የተነሣን እጅ ማን ከአደጋ ይይዛል? ዙሀራ ያዘችው። ሮጣ የእጃቸውን አንጓ ቀለበችና ቱቦውን ከአፋቸው አራቀችው። «አይሆንም» አለች። «እርስዎም አይስቡም። ልጆች አሉዎት።»

ያን ዕለት ጓንቷን ገና አላጠለቀችም ነበር። ከቱቦው የፈሰሰው እጇ ላይ አረፈ። እኔ በሳህን ውሃ ይዤ ብመጣ፣ «በጥቂት ውሃ ይስፋፋል፤ የሚያዋጣው የሚወርድ ውሃ ነው» ብላ ቧንቧው ሥር አስገባችው። ቆመች። ብዙ ቆመች። አቶ መኳንንት ከኋላዋ ሆነው፣ «ያምሻል?» አሏት፤ ድምፃቸው ቁጣውን ጥሎ ነበር።

«አያመኝም። ወንድይፍራውንም አላመመውም።»

እጇን አዩት። ፌኖሉ ያረፈበት ቦታ መንጣት ጀምሯል። እጃቸውን ዘርግተው ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈቱት፤ ልትወጣ ስትልም «ቆዪ» እያሉ አቆዩዋት። ከዚያ በየጠረጴዛው እየዞሩ ፒፔቶቹን ለቀሙ። የእኔን ስሰጣቸው እፎይ አልኩ፤ ላፍር ሲገባኝ ደስ አለኝ። መሳቢያ ውስጥ ቆለፉባቸውና፣ «ጎማው እስኪመጣ በአፉ የሚስብ ሰው እንዳላይ» አሉ።

ዙሀራ እጇን በንጹሕ ጨርቅ እየጠቀለለች ነበር። መጥተው አጠገቧ ቆሙ።

«ሥራው ለምን ዘገየ ሲሉኝ የሠራተኛዬ ጾም ነው እያልኩ ነበር የማልፈው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከእንግዲህ ለበላዮቼ ምን እላለሁ?»

«በጾሜ አያመካኙ» አለቻቸው። «ዙሀራ ጀላል አስቸገረችኝ ይበሉ።»